«አትም» የሚለው በተን መቼ ይደብዝዝ? የአክሰስ ፎርም ላይ ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት የጀልባ ቢሮዎች በአንዱ ትሠራለች። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄዱ ተጓዦችን የምትመዘግበው ራሷ በማይክሮሶፍት አክሰስ 2016 (የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው) ባዘጋጀችው ፎርም ነው። ፎርሙ ላይ «ክፍያ ተቀበል»፣ «ቲኬት አትም» እና «ሰርዝ» የሚሉ በተኖች አሉ። ላልከፈለ ሰው ቲኬት እንዳይታተም «አትም» የሚለውን ማደብዘዝ፣ ማለትም እንዳይጫን ማድረግ፣ ትፈልጋለች። «ኮዱን ኦን ሎድ ላይ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ሪከርድ (የአንድ ተጓዥ መዝገብ) ላይ በትክክል ይሠራል፤ ወደ ሁለተኛው ሳልፍ ግን በተኑ እንደነበረ ይቀራል። በተኖቹ ክሊክ ላይ ስጽፈው ደግሞ 2164 የሚል ስህተት ይመጣብኛል። በዝርዝሩ ፎርም ላይ ጭራሽ ሁሉም መስመር አብሮ ይደበዝዛል። ምን ላድርግ?» ብላለች።

እህቴ፣ የመጀመሪያውና የሦስተኛው ችግርሽ መነሻቸው አንድ ነው። በተኑ መሥራት አለመሥራቱ የፎርሙ ጉዳይ አይደለም፤ ፊትሽ ያለው ሪከርድ ጉዳይ ነው። ፎርሙ የሚከፈተው አንዴ ነው። ሪከርዱ ግን ይቀያየራል፣ እያየሽውም ይለወጣል። ስለዚህ «ለዚህ ተጓዥ ቲኬት ሊታተም ይችላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጻፊው። ከዚያ መልሱ ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ ሁሉ ጥሪው። 2164 ለብቻው የሚታይ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

የኢቨንቶቹን፣ ማለትም ኮድሽ የሚጠራባቸውን ክስተቶች፣ እና የፕሮፐርቲዎቹን፣ ማለትም የፎርሙንና የበተኖቹን ባሕርያት፣ ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የምጽፍልሽ። ኮዱ ውስጥ ስታስገቢያቸው አክሰስ ፕሮፐርቲ ሺት ላይ በሚያሳይሽ አጻጻፍ አድርጊያቸው።

አክሰስ ፎርም ሲከፍት ኢቨንቶቹ በተርታ ይመጣሉ። መጀመሪያ ኦፕን፣ ቀጥሎ ሎድ፣ ከዚያ ሪሳይዝና አክቲቬት፣ መጨረሻ ላይ ከረንት። ሎድ አንዴ መጥቶ አለቀ። ፎርሙ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ አይመለስም። ከረንት ግን ወደ አንድ ሪከርድ በገባሽ ቁጥር ይመጣል፤ ወደፊት ስትሄጂ፣ ወደ ኋላ ስትመለሺ፣ አዲስ ባዶ ሪከርድ ስትከፍቺ፣ ሪኩዌሪ ስታደርጊ (መረጃውን እንደ አዲስ ስታስመጪ)። አንቺ የምትፈልጊው ይህን ነው።

ግን ኮዱን ከሎድ ቆርጠሽ ከረንት ላይ ብትለጥፊው ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል። ተጓዡ ፊትሽ ቆሞ ይከፍላል። «ተከፍሏል» የሚለውን ሳጥን ትነኪያለሽ። ሪከርዱ ያው ነው፣ ስለዚህ ከረንት አይመጣም፣ በተኑም እንደደበዘዘ ይቀራል። ወደ ሌላ ሪከርድ ሄደሽ ስትመለሺ ይበራል። ሠራተኞች «አንዴ ወደፊት ሂድና ተመለስ፣ ይሠራልሃል» እየተባባሉ የሚጠቀሙበት ፎርም ብዙ ነው። ሰው ይለምደዋል፤ መልመድ ግን አልነበረበትም።

ስለዚህ በፎርሙ ሞጁል (የኮዱ ገጽ) ውስጥ አንድ ፕሮሲጀር፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል፣ ይኑርሽ። ሥራው አንድ ነው፦ ሪከርዱን አይቶ እያንዳንዱን በተን ማብራት ወይም ማደብዘዝ። ውስጡን ስትጽፊ «ኢፍ ካልተከፈለ ኢነብልድ ፎልስ ይሁን» ብለሽ አትጀምሪ። ኢነብልድ በተኑ መሥራት አለመሥራቱን የሚወስነው ፕሮፐርቲ ነው፤ ትሩ ይሥራ፣ ፎልስ አይሥራ ማለት ነው። እንደዚያ የጀመረ ሰው ኤልሱን፣ «ካልሆነ» የሚለውን ክፍል፣ ይረሳል። ኤልሱ ከተረሳ ደግሞ አንዴ የደበዘዘ በተን የሚያበራው ያጣል። ይልቅ ሁኔታውን በቀጥታ ለኢነብልድ ስጪው። የማተሚያው በተን ኢነብልድ እኩል ይሆናል፦ ተከፍሏል፣ እና አልተሰረዘም፣ እና አዲስ ሪከርድ አይደለም። ሦስቱም እውነት ከሆኑ ይበራል፣ አንዱ ካልሆነ ይደበዝዛል። አንድ መስመር ነው፤ ሲነበብም የቢሮሽ ደንብ ራሱ ይመስላል። አዲስ መሆን አለመሆኑን «ሚ» ነጥብ «ኒውሪከርድ» ይነግርሻል፤ «ሚ» ኮዱ ያለበት ፎርም ራሱ ነው።

ይህን ስታደርጊ ነል ይጠብቅሻል። አዲስ ሪከርድ ላይ የክፍያው ሳጥን ባዶ ሊሆን ይችላል። ባዶ ማለት ዜሮ አይደለም፣ ነል ነው። «የተከፈለው ከዋጋው ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ብለሽ ብትጠይቂ፣ አንደኛው ነል ከሆነ መልሱም ነል ይሆናል። ነልን ለኢነብልድ ስትሰጪው አክሰስ በ94 ቁጥር ስህተት ያቆምሻል። መፍትሔው ኤንዜድ የሚለው ፈንክሽን ነው። ነል ሲያገኝ አንቺ በሰጠሽው ነገር ይተካዋል። ለተከፈለው ገንዘብ ዜሮ ስጪው። ለዋጋው ግን ዜሮ አትስጪ፤ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ «እኩል ነው» ይልና በተኑን ያበራዋል። ዋጋው ነል ከሆነ ቲኬት መታተም የለበትም ብለሽ ለይተሽ ጻፊ።

አሁን ፕሮሲጀሩን ከየት ትጠሪዋለሽ? አንደኛ ከከረንት። ሁለተኛ ሁኔታው ውስጥ ስማቸው ከተነሣ ሳጥኖች አፍተር አፕዴት (ሳጥኑ ሲለወጥ የሚመጣው ኢቨንት)። የሚከፈለው ዋጋ በመዳረሻው የሚወሰን ከሆነ የመዳረሻው ኮምቦ ቦክስም እዚህ ውስጥ ይገባል። ዘጌ ብለሽ መዝግበሽ ተጓዡ ሐሳቡን ቀይሮ ራቅ ወዳለ ገዳም ልሂድ ቢል ክፍያው ይጎድላል፣ በተኑም ወዲያው መደብዘዝ አለበት። ሦስተኛ ከፎርሙ አፍተር አፕዴት፣ ሪከርዱ ሲቀመጥ።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። የአንድ ሳጥን አፍተር አፕዴት የሚመጣው ሰው በእጁ ሲለውጠው ብቻ ነው። ኮድ ሲለውጠው አይመጣም። «ክፍያ ተቀበል» የሚለው በተንሽ በኮድ «ተከፍሏል»ን ትሩ ካደረገው፣ የሳጥኑ አፍተር አፕዴት ዝም ይላል። ስለዚህ በዚያ በተን ኮድ መጨረሻ ላይ ፕሮሲጀሩን ራስሽ ጥሪው።

እኔ ብሆን «ተከፍሏል» የሚለውን ሳጥን ጭራሽ ለእጅ አልተወውም። ሎክድ የሚለውን የስ አድርጊው፣ ኢነብልድን እንዳለ ተዪው። እንዲህ ሲሆን ሳጥኑ ሳይደበዝዝ በግልጽ ይነበባል፣ ግን ማንም በስህተት ሊነካው አይችልም። የሚለውጠው «ክፍያ ተቀበል» ብቻ ይሆናል። ያ በተን ሲጫን ክፍያውን ይመዘግባል፣ ሰዓቱንና የተቀበለውን ሰው ይጽፋል፣ ወዲያው ሪከርዱን ያስቀምጣል። ማስቀመጡ «ሚ» ነጥብ «ደርቲ» እኩል ይሆናል ፎልስ በሚለው መስመር ነው፤ ደርቲ ያልተቀመጠ ለውጥ አለ ማለት ነው። ገንዘብ የነካ ነገር ሳይቀመጥ አንድ ደቂቃ መቆየት የለበትም። መብራት ቢሄድ ተጓዡ ከፍሎ መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ማስቀመጡ በራሱ ምክንያት ሊከለከልም ይችላል፣ ለምሳሌ የግድ የሚሞላ ሳጥን ባዶ ከሆነ። ስለዚህ ያ መስመር ስህተት ሲሰጥ የሚይዘው ኮድ ይኑር፣ «ተቀምጧል» ብለሽም አስቀድመሽ አትመኚ።

ስለ ማስቀመጥ ካነሣሁ አይቀር፣ ማተሚያው ላይም አንድ ነገር አለ። ፎርሙ ላይ ያለ በተን መጫን ሪከርዱን አያስቀምጠውም። የተጓዡን ስም አስተካክለሽ ወዲያው «አትም» ብትዪ፣ ሪፖርቱ የሚያነበው ቴብሉ ላይ ያለውን አሮጌ ስም ነው። ቲኬቱ በአሮጌው ስም ይወጣል። ከማተምሽ በፊት አስቀምጪ። ሪፖርቱን ስትከፍቺም የዚህን ቲኬት ቁጥር ብቻ የሚል ገደብ ስጪው። ካልሰጠሽው የቴብሉን ቲኬት በሙሉ ወደ ፕሪንተር ይልከዋል።

አሁን ወደ 2164። ትርጉሙ ቀላል ነው። አክሰስ ፎከስ የያዘን ነገር፣ ማለትም አሁን የተመረጠውንና የምትነኪው ቁልፍ የሚደርሰውን፣ አላደበዝዝም ይላል። መደበቅ ብትፈልጊ ደግሞ ወንድሙ 2165 ይመጣል። «ክፍያ ተቀበል»ን ስትጫኚ ፎከሱ እሱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ኮድሽ «ተከፍሏልና ክፍያ ተቀበልን አደብዝዘው» ሲል ይጋጫሉ። ሌላም መንገድ አለው። «አትም»ን ተጭነሽ ጨርሰሻል እንበል፤ ፎከሱ አሁንም እዚያው ነው። ከታች ያለውን የሪከርድ ማመላለሻ ቀስት ብትነኪ ፎከሱ ከበተኑ አይነሣም። የሚቀጥለው ተጓዥ ያልከፈለ ከሆነ ከረንት ይመጣል፣ «አትም»ን ሊያደበዝዝ ይሞክራል፣ 2164። ለዚህ ነው ስህተቱ አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ የሚጠፋብሽ።

መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ መብራት ያለባቸውን አብሪ። ቀጥሎ ፎከሱን ወደማይደበዝዝ ቦታ አዛውሪ። መጨረሻ ላይ መደብዘዝ ያለባቸውን አደብዝዢ። ፎከስ የሚዛወረው ሴትፎከስ በሚለው ነው፤ የሚሄድበት ነገር የበራና የሚታይ መሆን አለበት። «ክፍያ ተቀበል» ከተጫነ በኋላ ፎከሱን ወደ «አትም» ብትወስጂው ለሥራም ይመቻል። ገንዘብ ተቀብለሽ ኢንተር ስትነኪ ቲኬቱ ይወጣል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሊነሡ ሲሉ ሰልፍ ሲረዝም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከከረንት ስትጠሪው ግን ፎከሱን ዝም ብለሽ አታንቀሳቅሺ። ሰው ስም እየጻፈ ከቦታው ብታነሺው ያናድዳል። «ሚ» ነጥብ «አክቲቭኮንትሮል»ን ጠይቂና፣ ሊደበዝዝ ያለው በተን ራሱ ከሆነ ብቻ ወደ ስሙ ሳጥን ውሰጂው። ፎርሙ ገና ሲከፈት ፎከስ የያዘ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ይህ ጥያቄ ራሱ ስህተት ይሰጣል። ለዚያች መስመር ብቻ ስህተት መያዣ አድርጊላት። «ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት»ን (ስህተት ቢመጣም ዝም ብለህ ቀጥል የሚለውን) ፕሮሲጀሩ ራስጌ ላይ ጽፈሽ አትሂጂ። እንደዚያ ካደረግሽ 2164 ከዓይንሽ ይጠፋል፣ በተኑ ግን ላልከፈለው ሰው በርቶ ይቀራል። ስህተቱን ማየት ከዚያ ይሻላል።

«አስቀምጥ» እና «ተወው» የሚሉ በተኖች ልትጨምሪ ካሰብሽ፣ ሰው መጻፍ ሲጀምር የፎርሙ ደርቲ ኢቨንት ይመጣል፤ ያኔ ታበሪያቸዋለሽ። ኢስኬፕ ሲነካ ደግሞ ኦን ኧንዱ ይመጣል፤ ያኔ ታደበዝዣቸዋለሽ። ኧንዱ የሚመጣው ለውጡ ከመሰረዙ በፊት ነው። በዚያ ቅጽበት «ሚ ነጥብ ደርቲ ምንድን ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ አሁንም ትሩ ይልሻል፣ ሳጥኖቹም አዲሱን ጽሑፍ እንደያዙ ናቸው። ስለዚህ እዚያ ላይ አትጠይቂ፤ ፎልስ ብለሽ ራስሽ ስጪው። «ተወው»ን በመጫን ከሆነ የመጣው ደግሞ ፎከሱ እሱ ላይ ነውና መጀመሪያ አዛውሪ።

ወደ ዝርዝሩ ፎርም እንምጣ። ኮንቲኒየስ ፎርም (ብዙ ሪከርድ በተርታ የሚያሳይ ፎርም) ላይ በየመስመሩ የምታዪው በተን አንድ በተን ነው። ዲዛይን ላይ አንድ ጊዜ ነው ያስቀመጥሽው፤ አክሰስ እሱኑ በየመስመሩ እየደገመ ይሥለዋል። ኢነብልዱን ፎልስ ስትዪው ሁሉም ይደበዝዛል። የቆምሽበት መስመር ያልከፈለ ሰው ከሆነ፣ የከፈለው ሰው መስመር ላይ ያለው በተንም የደበዘዘ ነው።  ይህ የአንቺ ኮድ ስህተት አይደለም፤ አክሰስ የተሠራው እንዲህ ነው።

እኔ የምመርጠው መንገድ በተኑን ከመስመሮቹ አውጥቶ ፎርም ሄደር (የፎርሙ ራስጌ) ላይ ማስቀመጥ ነው። ሰው መስመሩን ይመርጣል፣ ከረንት ይመጣል፣ ከላይ ያለው አንድ በተን ይበራል ወይም ይደበዝዛል። ቀላል ነው፣ አይዋሽም። የግድ በየመስመሩ ይሁን ካልሽ፣ በበተን ፈንታ ቴክስት ቦክስ ተጠቀሚ። ኮንትሮል ሶርሱ (የሚያሳየውን የሚያገኝበት ፕሮፐርቲ) ላይ «ከተከፈለ ‹አትም› በል፣ ካልሆነ ባዶ ሁን» የሚል ስሌት ጻፊ፣ መልኩንም በተን አስመስዪው። ቴክስት ቦክስና ኮምቦ ቦክስ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ (እንደ ሁኔታው የሚለወጥ መልክ) ይቀበላሉ። ከቀለሙ ጎን ለየመስመሩ ማደብዘዣ ምልክትም አለው። ለበተን ግን ይህ የለም። ከዚያ የቴክስት ቦክሱ ክሊክ ላይ ሁኔታውን ደግመሽ ፈትሺና አትሚ።

አሁን ደግሞ እኛን ብቻ የሚመለከት ነገር። የቪቢኤ (የአክሰስ የኮድ ቋንቋ) መጻፊያው የግእዝ ፊደል አይቀበልም። «ያልተከፈለ» ብለሽ ብትለጥፊበት የጥያቄ ምልክት ይደረድርልሻል። ስለዚህ ኮድሽ ውስጥ ሁኔታውን በአማርኛ ቃል ለማነጻጸር አትሞክሪ። ለሁኔታዎች የራሳቸው ቴብል ሥሪ፤ 1 ተመዝግቧል፣ 2 ተከፍሏል፣ 3 ተጓዟል፣ 4 ተሰርዟል። ፎርሙ ላይ ኮምቦ ቦክሱ አማርኛውን ያሳያል፣ ኮዱ ቁጥሩን ያነባል። ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ «ተሰርዟል» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ተሠርዟል»። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁኔታሽ በቃል ላይ ከቆመ የአንዱ ሠራተኛ ሪከርድ ላይ በተኑ ይሠራል፣ የሌላው ላይ አይሠራም፣ ምክንያቱንም ማንም አያገኘውም። ቁጥር ሲሆን ይህ ሁሉ የለም።

የበተኑን ኔም (ኮዱ የሚጠራበትን ስም) በላቲን ፊደል ስጪው፣ ካፕሽኑን (ላዩ ላይ የሚነበበውን) ግን በአማርኛ ጻፊው። ፕሮፐርቲ ሺቱ ፊደላችንን ያለ ችግር ይቀበላል። ለሠራተኛው የምታሳዪው መልእክትም በኮድ ውስጥ አይጻፍ። መልእክቶቹን ቴብል ውስጥ አስቀምጪና ፎርሙ ላይ ባለ ሌብል (የጽሑፍ ማሳያ) አሳዪያቸው። ከልቤ የምልሽ፣ ይህን ሌብል አትተዪው። በተን ደብዝዞ ምክንያቱ ካልተጻፈ ሰው ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ከበተኑ አጠገብ «ክፍያ አልተመዘገበም» ወይም «ጀልባው ተነሥቷል» የሚል አጭር ቃል ይኑር። ያው ፕሮሲጀር ያወጣዋል። ሁለትና ሦስት ምክንያት ቢኖር የመጀመሪያውን ብቻ አሳዪ፤ ሰው አንዱን ካስተካከለ በኋላ ቀጣዩ ይመጣለታል።

ማደብዘዝ ይሻላል ወይስ መደበቅ? ዛሬ የማይሠራ፣ ነገ የሚሠራ በተን ይደብዝዝ። ሰው ቦታውን ያውቀዋል፣ ይጠብቀዋል። የሚጠፋና የሚመጣ በተን ግን ዓይንን ያደክማል፣ በስልክም «የት ነው ያለው?» ያስብላል። የምትደብቂው ያ ሠራተኛ በሥራው ድርሻ መቼም የማይነካውን ብቻ ነው፣ ለምሳሌ የዋጋ ማስተካከያውን።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ግን ለምሪት ነው እንጂ ለጥበቃ አይደለም። የደበዘዘ በተን በር ላይ እንደተለጠፈ «ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ነው፤ በሩ ካልተቆለፈ የፈለገ ሰው ይገባል። ናቪጌሽን ፔኑን (የቴብሎቹና የፎርሞቹ ዝርዝር ያለበትን) ከፍቶ ቴብሉን በቀጥታ የሚነካ ሰው በተንሽን አያየውም። ሺፍት ይዞ ፋይሉን የሚከፍት ሰው የመነሻ ቅንብሮችሽን ይዘላቸዋል። ድሮ በኤምዲቢ ፋይል ላይ የነበረው የተጠቃሚ ፈቃድ አሠራር ከ2007 ጀምሮ በመጣው ኤሲሲዲቢ ፋይል ውስጥ የለም።

ስለዚህ እውነተኛው ደንብ ሦስት ቦታ ይቀመጥ። አንደኛው በተኑ ክሊክ ውስጥ ነው፤ ከማተሙ በፊት ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቅ። ለዚህ ብለሽ ሁኔታውን ከሁለት ቦታ አትጻፊው፤ «ማተም ይቻላል ወይ?» የሚለውን ትሩ ወይም ፎልስ የሚመልስ ፈንክሽን አድርጊውና ሁለቱም እሱን ይጥሩ። ሁለተኛው የፎርሙ ቢፎር አፕዴት (ሪከርዱ ከመቀመጡ በፊት የሚመጣው) ነው፤ ሪከርዱ ደንቡን ከጣሰ ካንስልን ትሩ ስታደርጊ አይቀመጥም። ሦስተኛው ቴብሉ ራሱ ነው። ከአክሰስ 2010 ጀምሮ ቴብል ላይ ቢፎር ቼንጅ የሚባል ዳታ ማክሮ አለ፤ ለውጡ ከየትም ይምጣ፣ ያየዋል። «ተጓዟል» ተብሎ የተዘጋን ጉዞ ማንም ወደ «ተሰርዟል» እንዳይቀይረው የምታደርጊው እዚያ ነው። ዳታቤዙንም ለሁለት ክፈዪው፤ ቴብሎቹ ለብቻ፣ ፎርሞቹ ለብቻ። ለሠራተኞቹ የምትሰጫቸው የፎርሙ ፋይል ኤሲሲዲኢ ይሁን፤ ኮዱን አይከፍቱትም፣ ዲዛይኑንም አይነኩትም።

በተኑ ክሊክ ላይ ደግሞ መፈተሽ ሌላም ምክንያት አለው። ሁለት ኮምፒውተር ካላችሁ፣ አንዱ ከተማ ቢሮ፣ አንዱ ወደቡ ላይ፣ ፊትሽ ያለው መረጃ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ወደቡ ላይ ያለው ልጅ «ጀልባው ተነሣ» ብሎ መዝግቧል፤ ያንቺ ፎርም ላይ «ሰርዝ» ገና በርቷል። ስለዚህ «ሰርዝ» ሲጫን ሁኔታውን ዲሉክአፕ በሚባለው ፈንክሽን በቀጥታ ከቴብሉ አንብቢ። ፎርሙን በየደቂቃው ማደስ ከፈለግሽ ታይመር ኢንተርቫሉን 60000 አድርጊው፤ የሚቆጠረው በሚሊሰከንድ ነው። ሪፍሬሽ ተጠቀሚ፣ ሪኩዌሪ አይሁን። ሪኩዌሪ ከቆምሽበት አንሥቶ ወደ መጀመሪያው ሪከርድ ይወስድሻል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካለ ደግሞ በዚያ ደቂቃ አታድሺ፤ ሠራተኛው እስኪጨርስ ጠብቂው።

አንድ ምክር ልጨምር፤ የኮድ አይደለም፣ ግን ከኮዱ ይበልጣል። በተን ከማደብዘዝሽ በፊት ደንቡ በእርግጥ የማይጣስ መሆኑን ጠይቂ። አለቃችሁ አልፎ አልፎ ለእንግዳ ወይም ለገዳም አባት «ያለ ክፍያ ይሂዱ» የሚል ከሆነ፣ ያንቺ ፎርም ለዚያ መንገድ ከሌለው ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ያልተከፈለውን «ተከፍሏል» ብሎ ያልፈዋል። ማታ ሒሳቡ አይገጥምም፣ ማን እንዳደረገውም አይታወቅም። ይልቅ «በነፃ ተፈቅዷል» የሚል የራሱ ሁኔታ፣ 5 ቁጥር፣ ስጪው። የፈቀደው ሰው ስም ካልተሞላ በተኑ አይብራ። ያኔ ፎርሙ እውነቱን ይይዛል።

በተቃራኒው ደግሞ ማስጠንቀቅ እንጂ መከልከል የማይገባበት ቦታ አለ። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። ይህን ያየ ሰው «መዳረሻው ክብራን ከሆነና ተጓዧ ሴት ከሆነች በተኑ ይደብዝዝ» ሊል ይችላል። አታድርጊው። ሴቷ ከቤተሰቧ ጋር በጀልባው ሄዳ ወደ ገዳሙ ሳትዘልቅ ልትጠብቅ ትችላለች፤ ወይም ጉዞው ሌላ ገዳምም ይጨምራል። ሌብሉ ላይ አንድ መስመር ይውጣ፣ ሠራተኛው ለእንግዳዋ አስቀድሞ ይንገራት። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሣ የሚደረገውም ይኸው ነው። መነሣት አለመነሣቱን የሚወስነው ባለጀልባው ነው፤ ፎርሙ ያስታውስ፣ አይፍረድ።

በመጨረሻ፣ ጥያቄሽ ላይ ባይኖርም መድረሱ የማይቀር ነገር አለ። በቡድን የሚመጡ ተጓዦችን ስትመዘግቢ ስሞቹን ሰብፎርም (ዋናው ፎርም ውስጥ ያለ ሌላ ፎርም) ላይ ታደርጊያቸዋለሽ፣ በተኖቹ ግን ዋናው ፎርም ላይ ይሆናሉ። ሰው ሲጨመር የሚከፈለው ይለወጣል፣ ስለዚህ ፕሮሲጀሩ ከሰብፎርሙም መጠራት አለበት። ከሰብፎርሙ አፍተር አፕዴትና ሰው ሲሰረዝ ከሚመጣው አፍተር ዴል ኮንፈርም በ«ሚ» ነጥብ «ፓረንት» በኩል ጥሪው። ለዚህ ፕሮሲጀሩ ፐብሊክ መሆን አለበት፤ ፕራይቬት ከሆነ አይገኝም። ከሰብፎርሙ ከረንት ላይ ግን አትጥሪው። ሰብፎርም ከዋናው ፎርም ቀድሞ ነው የሚጫነው፤ ዋናው ገና ሳይደርስ ይጠይቀዋል። ድምሩንም ሰብፎርሙ ፉተር ላይ ካለው ሳጥን አታንብቢ። ያ ሳጥን የሚሰላው ትንሽ ዘግይቶ ስለሆነ ኮድሽ አሮጌውን ድምር ያገኛል፣ በተኑም አንድ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ይበራል። ዲሰም በሚባለው የድምር ፈንክሽን ከቴብሉ አንብቢው።